ከአልጋ ተነሡ የሚል ሕክምና
(በደሴ ከተማ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎችና ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበርና ከሌላውም አካባቢ የመጣችሁ ወገኖቼ፤ እንደምን ዋላችሁ?

የተጠራሁት ስለ ሙያ ዘመኔ እንድናገር ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነኝ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት እንቅልፍ ያጡ ሰዎችን ያለ መድኃኒት በማከም ነው። ሥራው ሲወራ ቀላል ይመስላል፤ ሲጀመር ግን ታካሚውን ያስቆጣል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብሎ ለመጣ ሰው መርፌ አልወጋም፣ ኪኒን አላዝም፤ ጭራሽ አልጋው ላይ የሚቆይበትን ሰዓት እቀንስበታለሁ። አንድ የባቲ ነጋዴ ይህን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና፣ «እኔ እንቅልፍ ይጨመርልኝ ብዬ የሰኞ ገበያዬን ጥዬ መጣሁ፤ እርስዎ ያለችኝንም ሊነጥቁኝ ነው?» አሉኝ። «አዎ፣ ለጊዜው» አልኋቸው። ዛሬ የማወራው አብዛኛው ነገር የዚህ አጭር መልስ ማብራሪያ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። የማነሣቸውን ሰዎች ማንም እንዳይለያቸው አድርጌ ነው የማነሣቸው። የሰው ገመና አደራ ነው፤ ደሴ ደግሞ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት።

አንድ ሌሊት ወይም ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት በሽታ አይደለም። ልጅ የታመመበት፣ የቤት ኪራይ የተጨመረበት፣ ፈተና የደረሰበት ሰው ሲገላበጥ ቢያድር አእምሮው ሥራውን እየሠራ ነው። ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት የምንለው በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት የሚደጋገም፣ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ፣ የቀኑንም ውሎ የሚያበላሽ ሲሆን ነው። ሰውየው ለመተኛት በቂ ጊዜና ቦታ ያለው መሆን አለበት። ሌሊቱን መጋዘን ሲጠብቅ አድሮ ቀን ደግሞ ቀን ሥራ የሚውል ሰው እንቅልፍ የሚያንሰው ጊዜ ስለሌለው ነው፤ እርሱን ማከም ያለበት ደመወዙ እንጂ እኔ አይደለሁም። እንዲሁም ሌሊት ተነሥተው ተሀጁድ የሚሰግዱ ሸህ፣ ለማኅሌት የሚቆሙ መሪጌታ «እንቅልፍ አጣሁ» ብለው ወደ እኔ አይመጡም። ነቅተዋል፤ ግን ከሌሊቱ ጋር አልተጣሉም። እኔ ዘንድ የሚመጣው የተጣላው ነው።

ጠቡ እንዴት እንደሚጀመር የነጋዴውን ታሪክ ይዤ ላስረዳ። እንቅልፋቸው የጠፋው በአንድ የዕዳ ክርክር ሰሞን ነበር። ክርክሩ በሽምግልና ካለቀ ዓመታት አልፈዋል፤ እንቅልፉ ግን አልተመለሰም። በዚህ መካከል ምን ያደርጉ እንደነበር ስጠይቃቸው ዘረዘሩልኝ። እንቅልፍ እንዳያመልጣቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይተኛሉ። ጠዋት 12 ሰዓት እስኪሆን ከአልጋ አይወርዱም፤ «ምናልባት ሲነጋጋ ሸለብ ያደርገኝ ይሆናል» በሚል ተስፋ። ከምሳ በኋላ ሱቃቸው ውስጥ ጋደም ይላሉ። ባለቤታቸው ቤቱን ጸጥ ታሰኛለች፤ ልጆቹ ከመሸ መሳቅ ተከልክለዋል። አልፎ አልፎም «ለእንቅልፍ» ተብሎ መለኪያ አረቄ ይጠጣል። እያንዳንዱን ስታዩት ምክንያታዊ ነው። ተደምሮ ግን በሽታውን በሕይወት የሚያኖረው እርሱ ነው።

አርተር ስፒልማን የተባለ አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ይህንን በሦስት ከፍሎ አስቀምጦታል። አንዱ ቀድሞውኑ የሚያጋልጥ ነገር ነው፤ ሐሳብ የሚያበዛ ተፈጥሮ፣ ቶሎ የሚነቃ እንቅልፍ። ሁለተኛው ቀስቃሹ ነው፤ ሐዘን፣ ዕዳ፣ ሕመም፣ ወሊድ። ሦስተኛው ችግሩን የሚያቆየው ነው፤ ይኸውም ሰውየው እንቅልፍን ለማሳደድ የሚያደርገው ሁሉ። ተፈጥሮን መለወጥ አልችልም። ቀስቃሹም ብዙ ጊዜ ታካሚው በር ላይ ከመድረሱ በፊት ሄዷል። ስለዚህ ሥራዬ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ዘመዶችና ጎረቤቶች ሁሌም የሚጠይቁት ግን «ምን ነክቶት ነው?» ብለው ስለ ሁለተኛው ነው።

አሁን ወደ ሰዓት ቅነሳው ልምጣ፤ ተማሪዎች ይህችን በደንብ ያዙልኝ። ዙሪክ ይሠራ የነበረው የእንቅልፍ ተመራማሪ አሌክሳንደር ቦርቤሊ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳስረዳው እንቅልፍን ሁለት ኃይሎች ይመሩታል። አንደኛው በአንጎል ውስጥ ያለው የቀንና የሌሊት ሰዓት ነው፤ ይህ በብርሃን ይስተካከላል። ሁለተኛው ነቅተን በቆየን ቁጥር የሚጠራቀም የእንቅልፍ ግፊት ነው፤ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። ይህ ግፊት እንደ ረሃብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሎ ሲቆረጥም የዋለ ሰው ራት ቢቀርብለት እጁን አይዘረጋም። ነጋዴው ከምሳ በኋላ ይተኛሉ፣ ጠዋት አልጋ ላይ ያንጎላጃሉ፣ ማታ ደግሞ ግፊቱ ሳይሞላ በ2 ሰዓት ይጋደማሉ። አንጎላቸው ያልተራበውን ነገር ለምን ይቀበላል?

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ መቼ እንደተኙ፣ መቼ እንደነቁና መቼ እንደተነሡ እንዲመዘገብ አደረግን። በአማካይ አልጋ ላይ የሚያሳልፉት 10 ሰዓት ነው፤ የሚተኙት አምስት ሰዓት ተኩል። ከመቶ 55 ማለት ነው። ሕክምናው እንዲህ አለ፦ የሚተኙት አምስት ሰዓት ተኩል ከሆነ አልጋ ላይ የሚፈቀድልዎ አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሳይሆን አይጋደሙም፤ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣሉ፤ ቢተኙም ባይተኙም። ቀን መጋደም የለም። በዚህ ገደብ ውስጥ ከሚያሳልፉት ጊዜ ከመቶ 85 ያህሉን መተኛት ሲጀምሩ 15 ደቂቃ እንጨምራለን፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና አይተን እንጨምራለን። ከአምስት ሰዓት በታች ግን ለማንም አንወርድም።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፤ ይህን ለታካሚ ሳይናገሩ መጀመር ማታለል ነው። ሰው ይነጫነጫል፣ ምሽት ላይ ቁጭ ባለበት ያንጎላጃል፣ ሐኪሙን ይረግማል። ነጋዴውም ረገሙኝ፤ በስልክ። የሚያጸናው ንጋት ላይ የሚነሡበት ምክንያት ማግኘት ነው፤ በዚህ ረገድ ወሎ ታድሏል። ሱብሒ የሚሰግድ ሰው፣ ኪዳን የሚያደርስ ሰው የሚነሣበት ሰዓት የጸና ነው። ውጭ አገር በማንቂያ ደወልና በማሳሰቢያ የሚለፋበትን ነገር እዚህ አዛኑና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይሠራዋል። የማታው መኝታ ቢዛነፍ እንኳ የጠዋቱ መነሻ እንዳይዛነፍ እላለሁ፤ ከሁሉም ትእዛዞች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

ይህ ሕክምና ለሁሉም አይሰጥም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እንቅልፉ ሲቀንስ በሽታው ሊነሣበት ይችላል። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት ከድብርት ወደ ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚዋዥቅበት ሕመም ያለበትን ሰው፣ የእንቅልፍ ቅነሳ ወደ ማኒያ፣ ወደዚያ መነቃቃት፣ ሊገፋው ይችላል። ሾፌርም አለ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ላይ የሚያንጎላጅ የአውቶቡስ ሾፌር ከእኔ ክፍል ወጥቶ እንዲሄድ አልፈልግም። ለእንዲህ ያለው ሰው ቅነሳውን ቀስ እያልን እናደርገዋለን፣ ወይም በሌላው መንገድ እንሄዳለን።

ሌላው መንገድ አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ሪቻርድ ቡትዚን እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ነው። ሐሳቡ አልጋ ራሱ ሰውን የሚያነቃ ነገር ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ሶፋ ላይ ቴሌቪዥን እያየ የሚያንጎላጅ ሰው ልክ አልጋው ላይ ሲወጣ ዓይኑ የሚፈጥበት ለምንድን ነው? በመቶ ሌሊቶች አልጋው ላይ ሲገላበጥ፣ ሲቆጥር፣ ሲበሳጭ ስላደረ አንጎሉ አልጋን ከመንቃት ጋር አያይዞታል። ትእዛዙ ጥቂት ነው። እንቅልፍ ሳይጫንህ አትጋደም። አልጋ ላይ አትብላ፣ ሒሳብ አትሥራ፣ ስልክ አትመልከት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተህ ካልወሰደህ ተነሣ፤ ሌላ ቦታ ተቀመጥ፤ ሲመጣ ተመለስ። ካልወሰደህ ደግሞ ተነሣ።

በመጽሐፉ ላይ «ወደ ሌላ ክፍል ሂድ» ይላል። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ባለ ብዙ ክፍል ቤት ይዘው ነው። እኔ ዘንድ የሚመጡት አብዛኞቹ አንድ ክፍል ውስጥ ከሦስት ልጆች ጋር የሚኖሩ ናቸው። አልጋው መኝታ ነው፣ መቀመጫ ነው፣ የልጆች ማጥኛ ነው፣ እንግዳ ሲመጣም ክብር ቦታ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ከክፍሉ መውጣት አይሞከርም፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ ከጦሳ የሚወርደው የሌሊት ብርድ ያለ ጋቢ የወጣን ሰው እስከ ንጋት ሊያነቃው ይችላል። ስለዚህ ትእዛዙን ከቤታችን ጋር ማስማማት ነበረብን። መደብ ያለው መደቡ ላይ፣ ዱካ ያለው ዱካው ላይ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ጀርባውን ለአልጋው ሰጥቶ ይቀመጣል። መብራት አይበራም፤ ሻማ ወይም ኩራዝ ይበቃል። መቁጠሪያ ያለው ይቆጥራል፤ ጥጥ የምትፈትል እናት ትፈትላለች። ቀን ላይ አልጋው ለመቀመጫ መዋሉ ግድ ከሆነ በሌላ ጨርቅ ይሸፈናል፤ የሚገለጠው ለመኝታ ብቻ ነው። ቡትዚን ይህን አላለም፤ ሐሳቡ ግን የእርሱ ነው፣ ይሠራልም።

ችግር የሚፈጥረው የክፍል ማነስ ብቻ አይደለም፤ ሌሊት የተነሣን ሰው ቤተሰቡ ዝም አይለውም። «ምን ሆነህ ነው? አመመህ? ውኃ ላምጣ?» ይባላል። አማት ካለች ነገሩ ይባስ ይወሳሰባል። ስለዚህ ሁለተኛውን ቀጠሮ ከባለቤት ጋር እንዲመጡ እጠይቃለሁ። የእኔ መመሪያ አጭር ነው፦ ሌሊት ሲነሣ አታናግሩት፣ ጠዋትም «እንዴት አደርህ? ተኛህ?» ብላችሁ አትመርምሩት። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ሰው ነውር ይመስላል። «እንዴት አደርህ» መባባል ባህላችን ነው። እኔ የምከለክለው ሰላምታውን አይደለም፤ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣውን ምርመራ ነው።

መዝገቡን በተመለከተም እንዲሁ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ታካሚዎች ስላሉኝ በወረቀቱ ላይ ሌሊቱን በክቦች ከፈልሁት፤ የተኙበትን ክብ ማጥቆር ብቻ ነው። ሰዓት የሌለው ሰው «ከመጀመሪያው ዶሮ ጩኸት በፊት»፣ «ከአዛን በኋላ» ይላል፤ እኔ እቀይረዋለሁ። እንዲያውም ሰዓት አለማየቱ ይጠቅማል። ተንቀሳቃሽ ስልክ ትራስ ሥር ከገባ ወዲህ ሰው 8 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ 10 ሰዓት እያለ የራሱን መርዶ ሲያነብ ያድራል። ስልኩ ማዶ ይቀመጥ፤ ማንቂያው ከተደወለ ተነሥተው ያጥፉት።

አንዲት ትልቅ እናት «ልጄ፣ ካልተኛሁ እሞታለሁ» እያሉ መጡ። ዓመቱን ሙሉ ዓይናቸውን ከድነው እንደማያውቁ ነገሩኝ። «እማማ፣ ሌሊት ላይ ሕልም ያያሉ?» አልኋቸው። «የሞተች እህቴን በየጊዜው አያታለሁ» አሉ። ሕልም ያዩት ተኝተው መሆኑን ሁለታችንም ተገነዘብን፤ ሳቁ። የቆየ እንቅልፍ ማጣት ያለባቸው ሰዎች ከተኙት በታች እንደተኙ መገመታቸው በጥናት የታወቀ ነው፤ አይዋሹም፤ ቀላል እንቅልፋቸውን እንደ ንቃት ይቆጥሩታል። ዕድሜ ሲገፋም ጥልቁ እንቅልፍ ይቀንሳል፣ ሌሊት መንቃት ይበዛል። የሰባ ዓመት ሰው እንደ ሃያ ዓመት ኮረዳ እተኛለሁ ብሎ ሲጠብቅ በሽታ የሌለበትን በሽተኛ ያደርገዋል። ለእማማ የሰጠኋቸው ትእዛዝ ደግሞ ይህ ነበር፦ ማታ ጋደም ብለው ዓይንዎን በጨለማው ውስጥ ይክፈቱና ላለመተኛት ይሞክሩ። በሚቀጥለው ቀጠሮ «ትእዛዝዎን መፈጸም አቃተኝ፤ ወሰደኝ» ብለው እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ።

ሰውነትን ክፍል በክፍል እያጠበቁ የማላላት ልምምድም አለን፤ ኤድመንድ ጃኮብሰን ያስጀመረው ነው፤ ለአንዳንዱ ይረዳል። ሐሳብ ለሚያበዛም ቀን 10 ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት የጭንቀት ቀጠሮ እንሰጣለን፤ ዕዳው፣ ሠርጉ፣ የልጁ ትምህርት እዚያ ላይ ይጻፋል። ስለ እነዚህ ብዙ አልልም።

ስለ ቡና ግን ብዙ እላለሁ፤ ባልል አታምኑኝምና። ካፌይን ያንን አዴኖሲን የሚቀበለውን ቦታ ይዘጋል፤ ድካሙን አያጠፋውም፣ ይሸፍነዋል። በአማካይ ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም ግማሹ በሰውነት ውስጥ አለ። ማታ 12 ሰዓት ላይ አቦል የጠጣ ሰው 5 ሰዓት ሲሆን ግማሹን ይዞ ነው የሚጋደመው። ታዲያ ባለሙያው በቀላሉ «የማታ ቡና ተው» ሊል ይችላል። ወሎ ውስጥ ይህን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ። የማታ ቡና ላይ ነው ጎረቤት የሚታረቀው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ ዱዓ የሚደረገው። እንቅልፍ ያጣን ሰው ከሰው መነጠል ደግሞ በሽታውን ማገዝ ነው። እኔ የምለው፦ ቡናው ይፈላ፣ እጣኑ ይጢስ፣ እርስዎም ይቀመጡ፤ የእርስዎን አቦል ግን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይጠጡ። ማታ ጀባ ሲባሉ ጦስኝ ወይም ጤና አዳም ያለበትን ሙቅ ውኃ ይቀበሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ይሾፍብዎታል፤ ከዚያ ይለመዳል።

ጫትም እንዲሁ ነው። ከትልልቆቹ የዱዓ ወንበር ጋር ክርክር የለኝም፤ የምናገረው ስለ አንጎል ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚያነቃቃ ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ የቃመ ሰው ሌሊት ቢፈጥ መደነቅ የለበትም። የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው፣ ጨብሲ የሚባለው። አልኮል መጀመሪያ ያስተኛል፤ ሰውነት እያቃጠለ ሲጨርሰው ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይበታትነዋል። ሰውየው ጠዋት ደክሞት ይነሣል፤ ድካሙን ለማባረር ከሰዓት እንደገና ይቅማል።

ባለሙያዎች ሆይ፣ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ፤ ይህን የቡናና የጫት ምክር ብቻ ሰጥታችሁ «አከምሁ» እንዳትሉ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የእንቅልፍ ንጽሕና የሚባለው ምክር ብቻውን ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ሕክምና ሆኖ እንዳይሰጥ መክሯል። ምክሩ ስህተት ሆኖ አይደለም፤ አይበቃም። ታካሚው ያንን ምክር ከሬዲዮ ሰምቶ፣ ሞክሮ፣ አቅቶት ነው ወደ እናንተ የመጣው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማችን ከገባ በኋላ የሥራዬ መልክ ተቀየረ። ከወልድያ፣ ከመርሳ፣ ከቆቦ የተፈናቀሉ ሰዎች፣ ከዚያም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች መጡ። እነዚህ እንቅልፍ እምቢ ያላቸው አይደሉም፤ እንቅልፍን የፈሩ ናቸው። ቢተኙ ያው ሕልም ይመጣል። በዚህ ላይ አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ሰዓት ቀንሱ ማለት ብቻውን ፋይዳ የለውም። የምንሠራው ሕልሙን ቀን ላይ እንደገና መጻፍ ነው። ታካሚው ቅዠቱን ይመርጣል፤ መጀመሪያ ላይ ከባዱን ሳይሆን ቀለል ያለውን፤ ፍጻሜውን እርሱ እንደፈለገ ይቀይረዋል፤ የተቀየረውን በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በአእምሮው ይለማመደዋል። ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ ጾታዊ ጥቃት በደረሰባቸው ሴቶች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ሥራ ቅዠታቸው ቀንሶ አግኝተውታል። አንድ ወጣት በሕልሙ የሚያሳድዱት ሰዎች ሁልጊዜ ወንዝ ዳር ያደርሱትና ይነቃል። ፍጻሜውን ቀይረው ስለው ወንዙን አላሻገረም፣ አሳዳጆቹንም አልገደለም። «አያቴ ማዶ ቆማ ቡና ደረሰ ትለኛለች» ብሎ ጻፈ። እኔ ከዚህ የተሻለ መጻፍ አልችልም ነበር።

በዚያው ሰሞን ዱካክ የያዛቸው ሰዎችም በዙ። ዱካክ ሲይዝ ሰው ነቅቷል፣ ያያል፣ ይሰማል፤ መንቀሳቀስና መጮህ ግን አይችልም፤ ደረቱ ላይ የሆነ ነገር የተቀመጠበት ያህል ይጨንቀዋል። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ውስጥ ጡንቻዎቻችን እንዳይንቀሳቀሱ አንጎል ያሥራቸዋል፤ ይህም ሕልማችንን በእጅና በእግር እንዳንኖረው ይጠብቀናል። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ እስሩ ለጥቂት ሰከንድ ወይም ደቂቃ ይዘገያል። አይገድልም። እንቅልፍ ያጠረው፣ ሰዓቱ የተዘበራረቀ፣ በጀርባው የሚተኛ ሰው ላይ ይበረታል። ጠበል የሚሄደውን ጠበሉን፣ ሩቅያ የሚያስቀራውን ሩቅያውን ተው ብዬ አላውቅም። የምጨምረው በጎኑ እንዲተኛና የመነሻ ሰዓቱን እንዲያጸና ብቻ ነው። የሃይማኖት አባቶቻችንም ይህን ቢጨምሩልኝ ደስታዬ ነው፤ ከእኔ ይልቅ እነርሱን ይሰሟቸዋልና።

መድኃኒት ጠላት ነው የምል የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ከባድ ድብርት፣ ባይፖላር፣ የአእምሮ መታወክ ያለበት ሰው መድኃኒቱን መውሰድ አለበት፤ ብዙ ጊዜ እኔ ራሴ ነኝ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪሙ የምልከው። ኃይለኛ ማንኮራፋት ያለበት፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ቆም እያለ የሚመለስ፣ ቀን በተቀመጠበት የሚተኛ ሰው የመተንፈስ ችግር አለበትና መመርመር አለበት፤ ለእንዲህ ያለው ሰው የእንቅልፍ ኪኒን መስጠት አደጋ ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ እግሯ አላስቀምጥ የሚላት ነፍሰ ጡር ብትመጣ ከምክር በፊት የብረት ማዕድን ምርመራ ታድርግ። ክፍላችን ወንበርና ወረቀት ብቻ ስላለው ሁሉንም በወንበርና በወረቀት እንፈታለን ማለት አይደለም።

የእኔ ቅሬታ ከሌላ ነገር ጋር ነው። ዲያዜፓም የሚባለው የማረጋጊያ ኪኒን ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ለጭንቀት፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለጡንቻ መኮማተር ጥሩ መድኃኒት ነው። ለእንቅልፍ ተብሎ ለጥቂት ቀን የታዘዘው ግን ለዓመታት ሲዋጥ አያለሁ። ሰውነት ይለምደዋል፤ መጠኑ ይጨመራል፤ በማግሥቱም ከሰውነት ስለማይወጣ ሽማግሌዎች ደረጃ ላይ ይወድቃሉ። እዚህ ያላችሁ ፋርማሲስቶች ያለ ማዘዣ ለሚጠይቃችሁ እምቢ ስትሉ ገንዘብ እንደምታጡ አውቃለሁ፤ እምቢ ለምትሉት አክብሮቴ ትልቅ ነው።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ኪኒን እየወሰዳችሁ ያላችሁ ሰዎች እንደምትኖሩ እገምታለሁ፤ ስለዚህ ቀጥሎ የምለውን ጆሮ ስጡት። ዛሬ ማታ ወርውራችሁት እንዳትተኙ። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ዲያዜፓም በድንገት ሲቆም እስከ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊያደርስ ይችላል። ካዘዘላችሁ ሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ቀስ በቀስ፣ በሳምንታት ብሎም በወራት ነው የሚቀነሰው። የባቲው ነጋዴ ኪኒን አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ሥራው በሁለት ወር ገደማ አለቀ፤ በመጨረሻ ስድስት ሰዓት ተኩል መተኛት ጀመሩ፤ ስምንት አልሆነም፤ አልፈለጉትምም። ኪኒን ላይ ዓመታት የቆዩ ሰዎች ግን ከዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ አብሽሩ፣ ይቻላል።

ለተማሪዎች አንድ ቃል። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የአውሮፓ የእንቅልፍ ጥናት ማኅበር ደግሞ በ2017 ለቆየ የአዋቂዎች እንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ መሰጠት ያለበት ይህ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና እንደሆነ በመመሪያቸው አስፍረዋል። ከመድኃኒት በፊት ማለት ነው። ማሽን አይጠይቅም፤ ውጭ ምንዛሬ አይጠይቅም፤ ከአራት እስከ ስምንት ቀጠሮ፣ ወረቀትና እርሳስ። ታዲያ ለምን በየጤና ጣቢያው የለም? የሰለጠነ ሰው ስላነሰ ነው፤ ደግሞም ባዶ እጁን የሚሸኝ ባለሙያ እንዳላከመ ስለሚቆጠር ነው። ከታካሚ አፍ «ታዲያ ምንም አልሰጠኸኝም እኮ» የሚለውን ትሰማላችሁ። ያን ጊዜ እጃችሁ ወደ ማዘዣው እንዳይሮጥ። ነርሶችና ጤና መኮንኖች ይህን ሥራ ከተማሩት መሥራት ይችላሉ፤ በሌላ አገር በነርሶች የተሰጠ ሕክምና ውጤት አሳይቷል። ከወረኢሉና ከወሎዋ ቦረና አንድ ታካሚ ለሩብ ሰዓት ምክር ደሴ ድረስ ከሚመጣ እዚያው ያለችው ነርስ ብትይዘው ይሻላል።

የመዝገቡን ወረቀት አባዝቼ በር ላይ አስቀምጫለሁ፤ ባለ ክቡም ባለ ጽሑፉም አለ። ለሁለት ሳምንት ሙሉት፤ አልጋ ላይ ሆናችሁ ሳይሆን ጠዋት ከተነሣችሁ በኋላ፣ በግምት። ሞልታችሁ በአቅራቢያችሁ ላለው የጤና ባለሙያ አሳዩ፤ ባለሙያዎችም ሲመጣላችሁ እንዳትመልሱት። የመኝታ ሰዓታችሁን ግን ከባለሙያ ጋር ሳትነጋገሩ በራሳችሁ እንዳትቆርጡ፤ ለማን እንደማይሆን ነግሬያችኋለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ፤ በሰው ፊት መጠየቅ የሚከብደው ከፕሮግራሙ በኋላ በግል ያግኘኝ።